ሰሊጡ ዳኛ አለው፤ ሬዲዮው ግን የለውም

ተከዜ ሰቲት፣ አንገረብ ባሕር ሰላም፣ ጓንግም አትባራ እየተባሉ ስማቸውን ለውጠው ወደ ምዕራብ በሚወርዱበት፣ ፋሽጋ በሚባለው የወልካ ምድርና በዙሪያው ባሉት በሁመራ፣ በአብደራፊ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በጋላባትና በገዳሪፍ፣ የሰው ኑሮ ዓመቱን ሙሉ የሚዞረው በሰሊጥና በማሽላ ነው። ይልቁንም ሰሊጡ ዋጋው ከመጠራቱ አስቀድሞ የሚመረመር እህል ነው። በገዳሪፍ የእህል ገበያ ጆንያው በነጋዴዎች ፊት ተከፍቶ፣ ፍሬው በመዳፍ ተዘግኖና ታይቶ፣ ዋጋው በጨረታ በአደባባይ ይጠራል፤ በእኛም በኩል የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ሰሊጥ ወደዚያ ከገባ ወዲህ፣ ከጆንያው ናሙና ተወስዶ እርጥበቱ፣ ባዕድ ነገሩና የፍሬው መልክ በየተራው ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል እንጂ፣ «የእኔ ሰሊጥ መልካም ነው» በሚል የባለቤቱ ቃል ብቻ ወደ መጋዘን አይገባም። የሁመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ በስሙ ተለይቶ የሚፈለገው፣ አፈሩ መልካም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ የሚያውቅበት ሥርዓት ስላለም ጭምር ነው።

ያው አራሽ፣ ወይም በዚያ አገር ልማድ ሳሉግ እየተባለ የሚጠራው፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ የሰሊጡን ዋጋ ወይም የጉልበቱን ደመወዝ ተቀብሎ የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ሞባይል ወይም መጽሐፍ ሊገዛ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ ግን፣ ናሙና የሚወስድለት መርማሪም ሆነ ደረጃ የሚሰጥለት ዳኛ አያገኝም። ከባለ ሱቁ አንደበት «ኦርጅናል ናት ወንድም ዓለም፣ በእኔ ይሁንብህ» የሚል መሐላ ይቀበላል፤ ከጓደኛውም «የእኔይቱ እስካሁን አልተበላሸችም» የሚል ቃል ይሰማል፤ ከዚህ ሌላ ማስረጃ የለውም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን በእጁ ይዞ የኖረበት ሰው የሚሰጠው ቃል ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጥ ምስክርነት ስለሆነ፣ እንደ ምስክርነት ሊጻፍ፣ ሊጠየቅበትና ሊጠበቅ ይገባዋል የሚል ነው።

የዚህ ምድር ወሰን በ1894 ዓ.ም. በውል ከተጻፈና በተከታዩ ዓመት ግዊን በተባለው እንግሊዛዊ መኮንን ከተካለለ ጀምሮ ያልበረደ ክርክር እንዳለበት፣ ከ2013 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ወዲህም የሱዳን ጦር ገብቶበት ብዙ ኢትዮጵያዊ አራሽ ከእርሻው እንደወጣ አንባቢ ያውቃል። ያ ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ስለሚሻ እዚህ አልነካውም። ገበያው ግን ወሰኑ ሲከፈትም ሲዘጋም መንገዱን ፈልጎ የሚሄድ ነውና፣ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው ወደ መተማ ሲጎርፍ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ስደተኛ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ተናይድባ መጠለያዎች ሲሻገር፣ ሰው ከልብሱ ቀጥሎ አጥብቆ የያዘው ዕቃ ስልኩ ነበር። ቤተ ዘመድ ያለበትን የሚጠይቀው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና በጨለማ መንገዱን የሚያየው በዚያች ስልክ በመሆኑ፣ ስልኳ ደካማ መሆኗን የሚያውቀው በምን ሰዓት እንደሆነ ማሰብ አያስቸግርም።

ስለ እጅ ባትሪ ጥቂት ልቆይ። ከሸኸዲ ተነሥቶ በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር የኢትዮጵያን ኤሌክትሪክ ወደ ሱዳን ለማሻገር ተዘርግቶ በሜዳው ላይ ሲያልፍ፣ በእርሻው መካከል በሣር ዳስ የሚያድረው አጫጅ ግን ሌሊቱን የሚያነጋው በእጅ ባትሪ ነው። በከተማ ያለ ሰው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ሰዓት የሚፈልጋት ይህች ዕቃ፣ ለእርሱ እባብና ጊንጥ ከሚመላለሱበት መሬት ላይ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የምታሳየው፣ የታመመ ጓደኛውን ተሸክሞ መንገድ የሚፈልግባት፣ የተቈለለውን ሰሊጥ ከሌባ የሚጠብቅባት መሣሪያ ናት። እንግዲህ «ይህ ባትሪ መልካም ነው፣ ያኛው አይረባም» ለማለት ከእርሱ የበለጠ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ብርሃኑ በመጀመሪያው ሌሊትና በሠላሳኛው ሌሊት እኩል መሆን አለመሆኑን፣ ማብሪያው ላብ በነካው ጣት ሲጫን ይታዘዝ እንደሆነ፣ የወልካ አቧራ በየስንጥቁ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ከትከሻ ወድቆ ድንጋይ ሲመታ መስተዋቱ ይሰበር እንደሆነ፣ እነዚህን ሁሉ በምርመራ ቤት ያለ ሊቅ በመሣሪያ ለክቶ የሚደርስበትን፣ ሳሉጉ በኑሮው መርምሮ ደርሶበታል።

የአየሩም ነገር አለ። የአይፎን ስልክ ሠሪ በራሱ መመሪያ ላይ ስልኩ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ እንዲሠራ የተሰናዳ መሆኑን ጽፏል፤ በሁመራና በገዳሪፍ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ከጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በሙቀት የሚደክም፣ አንዳንድ ጊዜም የሚያብጥ ፍጥረት ስላለው፣ በለንደን ብርድ ወይም በአዲስ አበባ ነፋሻ አየር «ሁለት ቀን ሙሉ ትቆያለች» ተብሎ በቅን ልቡና የተመሰከረላት ስልክ፣ በአብደራፊ እርሻ ከቀትር በኋላ ግላ ራስዋን ብታጠፋ፣ መስካሪው ዋሽቷል ልንል አንችልም። ምስክርነቱ በተሰጠበት አገር እውነት ነበረ፤ እዚህ ግን አልደረሰም። በሌላ አገር ሰዎች የጻፉትን ምስጋናና ነቀፋ ተርጕሞ ማምጣት ለእኛ የማይበቃን፣ የቆላው ሰው የራሱን ቃል ራሱ መጻፍ አለበት የምለውም ስለዚህ ነው።

ሠሪው የተጠቃሚውን ቃል በሰማ ጊዜ ምን እንደሚሆን አንድ ምሳሌ ማንሣት ይቻላል። ቴክኖና አይቴል የሚባሉትን ስልኮች የሚሠራው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ፣ ለአፍሪካ ሰው ሁለት ሲም በአንድ ስልክ እንደሚያስፈልገው፣ መብራት በማይገኝበት አገር ባትሪው ብዙ ቀን መቆየት እንዳለበት፣ ካሜራውም ለነጭ ፊት ብቻ ተሰናድቶ የጠቈረውን ፊት ጥላ እንዳያደርገው ተረድቶ ዕቃውን በዚያው ልክ ስለሠራ፣ በኢትዮጵያም የመገጣጠሚያ ፋብሪካ አቁሞ ስለሰፋ፣ በአፍሪካ ብዙ ስልክ በመሸጥ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ተገኝቷል። በድንበሩ ላይ ባለች ከተማ የሚኖር ሰው በአንዲት ስልክ የኢትዮ ቴሌኮምንና የዛይንን ወይም የሱዳኒን ካርድ አጣምሮ መያዙ ቅንጦት አይደለም፤ ግማሹ ቤተ ዘመድ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ነውና። ይህን ፍላጎት ያዳመጠው ሩቅ ያለ የፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ ቅርብ ያለነው ጸሐፊዎችና የንግድ ሹማምንት አለማዳመጣችን ይገርመኛል።

የአፍ ምስክርነት ግን ንጹሕ ነው ብዬ የምሟገት አይደለሁም፤ እንዲያውም የሚጎድለው ብዙ ነው። ለአንድ ወር ድካሙ የገዛው ዕቃ ዋጋ ቢስ ሆኖ የተገኘበት ሰው፣ በጓደኞቹ ፊት ሞኝ መባልን ስለሚፈራ ያመሰግነዋል፤ ደላላው ገዢ ባመጣ ቍጥር ከባለ ሱቁ የሚያገኘው ስላለ ያመሰግናል፤ ሌላው ደግሞ ሬዲዮኑን ጓንግ ሲሻገር ውኃ ውስጥ ጥሎ አውጥቶ ሲያበቃ «ይህ ዕቃ የተረገመ ነው» ይላል። ከሁሉም የከፋው የስም ነገር ነው፤ ሕዝቡ ለአንድ የታወቀ ስም መልካም ዝና በሰጠ በማግሥቱ፣ በአንዲት ፊደል ብቻ የተለየ ስም የተጻፈበት፣ ቀለሙና ካርቶኑ ያንኑ የሚመስል ሌላ ዕቃ በዚያው መደርደሪያ ላይ ይደረደራል፤ ሕዝቡ የሰጠው ምስጋናም ላልተገባው ይተርፋል። በአፍ የሚተላለፍ ቃል ፊደልን ከፊደል ለይቶ መያዝ ስለማይችል፣ ይህን ማታለል የሚያሸንፈው የተጻፈ ቃል ብቻ ነው።

በፓወር ባንክ ላይ የሚደረገውን ለአብነት ያህል እንመልከት። በብዙዎቹ ውስጥ የምትገኘው ክብ የሊቲየም ባትሪ፣ 18650 በሚል ቍጥር የምትታወቀው፣ እጅግ መልካም የሆነችው እንኳ ወደ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ብትይዝ ነው፤ ስለዚህ አንዲት እንዲህ ያለች ባትሪ ብቻ በምታህል ሣጥን ላይ 20,000 ተብሎ ሲጻፍ፣ ሒሳቡ ከውስጡ ጋር እንደማይታረቅ ማንም ሊያሰላው ይችላል። ነገር ግን ይህን የሚያውቀው የሞባይል ጠጋኙ ነው፤ በየገበያው ጥግ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ካውያውንና መፍቻውን ዘርግቶ የሚውለው ይህ ሰው፣ የሁሉንም ዕቃ ሆድ ከፍቶ ያየ በመሆኑ፣ የትኛው ስልክ መሰኪያው ቶሎ እንደሚላላ፣ የትኛው ሬዲዮ በውስጡ ሽቦው በሙጫ እንደተያዘ፣ የትኛው ባትሪ በክብደት እንዲታመን በውስጡ አሸዋ እንደተጨመረበት ሳይቀር ይናገራል። እኔ ከምስክሮች ሁሉ አስቀድሜ የምጠራው እርሱን ነው። ሻጭም ገዢም ስላልሆነ የሚያደላበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፤ ኑሮው ከብልሽት የሚገኝ ስለሆነ ፈጽሞ የማይበላሸውን ዕቃ አያውቀውም፣ ስለ እርሱም ሊመሰክር አይችልም።

ሕጉስ ምን ይላል? ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ እንዳለው የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ላለው ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህን ቃል ይዘን ወደ ቆላ እንውረድ። ሳሉጉ ደመወዙን የሚቀበለው አጨዳው ባለቀ ጊዜ ነው፤ ገንዘቡን ይዞ ብዙ ቀን መቀመጥ ለሽፍታና ለሌባ ስለሚያጋልጠው፣ የሚገዛውን ገዝቶ ወዲያው ወደ አገሩ ይነሣል። ጎንደር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በእግርና በመኪና እያለ ቀዬው ደርሶ፣ ሬዲዮውን ለአባቱ አስረክቦ፣ አባትየው ለጥቂት ቀን ሰምቶበት ድምፁ ሲጠፋ፣ አሥራ አምስቱ ቀን አልቋል፤ ቢቀርም እንኳ ባለ ሱቁ ያለው መተማ ነው። ደረሰኝ ቢባል፣ ወሰን በጨለማ ተሻግሮ በመጣ የኮንትሮባንድ ዕቃ ላይ ደረሰኝ የሚጽፍ ማን ነው? ሕጉ ለዚህ ሰው የደረሰለት በወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ካሣ ከገዛ በኋላ የማይደርስለት ከሆነ፣ ሊጠብቀው የሚችለው ከመግዛቱ በፊት የሚሰማው እውነተኛ ቃል ነው።

ይህ ነገር በሌላ አገር እንዴት ተጀመረ ቢባል፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመ የሸማቾች ኅብረት ዕቃዎችን እንደ ማንም ገዢ ከሱቅ በገንዘቡ እየገዛ፣ መርምሮ፣ ውጤቱን በመጽሔቱ የሚያትም ሲሆን፣ ከሠሪዎች ማስታወቂያ አለመቀበሉ ተሰሚነት ያገኘበት ዋና ምክንያት ሆኗል። ፕሬዝዳንት ኬኔዲም እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1962 ለምክር ቤቱ በላኩት መልእክት፣ ሸማች ከአደጋ የመጠበቅ፣ እውነቱን የማወቅ፣ የመምረጥና የመሰማት መብት እንዳለው ዘርዝረዋል። ወደ እኛ ቅርብ የሆነውም ላይቲንግ አፍሪካ የተባለው የዓለም ባንክ ቡድን ሥራ ነው፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትናንሽ መብራቶች በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብርሃን መጠንና የሰዓት ብዛት በእርግጥ የሚሰጡ መሆናቸው ተመርምሮ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ያላቸው ብቻ በመዝገቡ እንዲገቡ አድርጓል። ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚነበበው በመሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት ነው፤ የመተማ ባለ ሱቅም ሆነ ገዢው ስለ መኖሩ የሚያውቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ዕቃ ነው፤ መጽሐፍን ከሬዲዮ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለአንዳንዱ ሰው ነውር መስሎ ይታየው ይሆናል። እኔ ግን መጽሐፍ ሁለት አካል እንዳለው አስባለሁ፤ አንደኛው እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚገዛ ወረቀት ነው፣ ሁለተኛው ቃል ነው። በወረቀቱ በኩል ያለውን ፍርድ ቆላው ያለ ርኅራኄ ይሰጣል። የዛሬ መጻሕፍት አብዛኞቹ በሙቅ ሙጫ የተጣበቁ ስለሆኑ፣ ሙጫው በሁመራ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉም አንድ በአንድ ይረግፋል፤ ለአጨዳ ከወረዱት መካከል በማኅደሩ አድርጎ ዳዊቱን ያንጠለጠለ የአብነት ተማሪ ቢኖር ግን፣ ብራናው በክር ተሰፍቶ በእንጨት ገበታ መካከል የተያዘ በመሆኑ፣ ከአያቱ የወረሰውን ለልጁ ያወርሰዋል። ስለ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ የአንባቢን አስተያየት የሚጽፍ ጋዜጠኛ ስለ ጥራዙ አንድ ቃል ሳይናገር ማለፉ፣ ገዢው ገንዘቡን የሚሰጠው ለጥራዙም ጭምር መሆኑን መርሳት ነው። ከዚህም ጋር በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ፣ መካከሉ ላይ ገጽ ጎድሎ፣ ወይም ፊደሉ ደብዝዞ የሚሸጠው አለ፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቍጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ቢከለክለውም፣ ገዢው ከኦርጅናሉ የሚለይበትን ምልክት የሚነግረው የለም።

በቃሉ በኩል ያለው ነገር ይከብዳል። በመጽሐፍ ጀርባ ላይ የሚታተመው ምስጋና ልማድ ሆኗል፤ ደራሲው ራሱ መርጦ ለወዳጁ በሰጠው ረቂቅ ላይ ወዳጁ የጻፈው ቃል ስለሆነ፣ በሬዲዮ ካርቶን ላይ ከሚጻፈው ምስጋና እምብዛም አይለይም፤ የጻፉት ሰዎች ሊቃውንት መሆናቸውም ነገሩን አይለውጠውም። እውነተኛው ፍርድ ያለው በአንባቢው ዘንድ ነው፤ ሕዝቡም ይህን ፍርድ ያለ ማንም እርዳታ ሲሰጥ አይተናል። የበዐሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ያመሰገነው ማስታወቂያ አልነበረም፤ ከእጅ ወደ እጅ ተደብቆ የተላለፈው፣ በኋላም ተባዝቶ የተነበበው ያነበበው ላላነበበው በሰጠው ቃል ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ፈራጅ ሆነበት፤ እረኛውና ገበሬው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ይከራከር ጀመር። በዚያን ጊዜ ስለ መጽሐፉ የሚሰጠው አስተያየትና ስለ ሬዲዮው የሚሰጠው አስተያየት በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ተገናኝተው ነበር፤ ድምፁን የሚያንሾካሹክ ሬዲዮ የያዘ ሰው ታሪኩን በሙሉ አልሰማምና።

በድንበሩ አገር ሬዲዮ የሚመረጥበትን ሚዛን ያወጣውም ይኸው የመስማት ጥማት ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅም እ.ኤ.አ. በ1982 ከጀመሩ ወዲህ፣ በደርግ ዘመን ወደ ገዳሪፍ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ የአገሩን ነገር የሚሰማው በአጭር ሞገድ ስለነበር፣ «ይህ ሬዲዮ ይስባል» ወይም «አይስብም» የሚለው ቃል ከማንኛውም የፋብሪካ ጽሑፍ ይልቅ የታመነ ነበር። ዛሬ ትረካውም ዜናውም በሚሞሪ ካርድና በስልክ ገብቷል፤ የድምፅ ማጉያው ጥራት፣ የሚሞሪው መሰኪያ አቧራ መቋቋሙ አዲሶቹ መመዘኛዎች ሆነዋል። መመዘኛው ከዘመን ጋር የሚለወጥ ሆኖ ሳለ፣ የትናንቱን ዝና ለዛሬ ዕቃ የምንሰጥ ብዙዎች ነን።

ምስክርነትን በጽሕፈት ማኖር ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥ፣ ሻጩና ገዢው፣ በወቄት ወርቅ የተከፈለው ዋጋ፣ ዋሱና እማኞቹ በየስማቸው በአብያተ ክርስቲያናት በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሁለት መቶና የሦስት መቶ ዓመት ሽያጭ ዛሬም ይነበባል። ለመሬት ይህን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ፣ የዓመት ድካሙን ግማሽ ለሚያወጣበት ስልክ ምንም ጽሕፈት አለመፈለጉ፣ ዕቃውን አላፊ አድርጎ ከማየት የመጣ ይመስለኛል። ነገር ግን ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለ ናረ፣ አላፊ ነው ብሎ መናቅ ለድኻው የማይቻል ሆኗል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በመተማ፣ በሁመራና በአብደራፊ የሚገኙ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች፣ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ትናንሽ ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው አንድ የምስክርነት መዝገብ ይክፈቱ። ገዢው በመዝገቡ ላይ የዕቃውን ስም ፊደሉ ሳይለወጥ፣ የገዛበትን ወርና ዋጋ፣ በምን ዓይነት ሥራና በምን ዓይነት ቦታ እንደተገለገለበት፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳገለገለው፣ ተበላሽቶም ከሆነ ጠጋኙ ምን እንዳገኘበት ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል ቢሆን ጸሐፊው ይጻፍለት። ለመጽሐፍም እንዲሁ፤ ጥራዙ እንዴት እንደሆነ፣ ገጹ ሙሉ መሆኑን፣ አንባቢው እስከ መጨረሻው አንብቦት እንደሆነና፣ ካልጨረሰው የት ላይ እንደተወው ይጻፍ። ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ለደራሲ የምትመር መሆኗን አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ስለ ራሴ ጽሑፍ እንድትጠየቅ አልወድም፤ ቢሆንም ትጠየቅ። ጋዜጣችንም በየወሩ ከመዝገቡ ተመርጦ የሚታተምበት ግማሽ ገጽ ይመድብ፤ ስለ እነዚያው ዕቃዎች ማስታወቂያ ግን በዚያው ገጽ አያስጠጋ።

ባለ ሱቆች ይህን ሲሰሙ «ስማችን በቂመኛ አንደበት ይጠፋል» እንደሚሉ አያጠራጥርም፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። በተወዳዳሪ ነጋዴ የተላከ ሰው መጥቶ ሐሰት ሊያስጽፍ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ፣ የመስካሪው ስም በጋዜጣ ባይወጣም በመዝገቡ እንዲታወቅ፣ የአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳይታተም፣ የሚነቀፈውም ዕቃው እንጂ ባለ ሱቁ እንዳይሆን፣ ባለ ሱቁም ወይም አስመጪው መልስ ካለው መልሱ በዚያው ዐምድ እንዲወጣለት ማድረግ ነው። መልካም ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ የሚያጣው የለም፤ ይልቁንስ ዛሬ ከጎኑ ያለው አታላይ ተመሳሳይ ካርቶን በግማሽ ዋጋ እየሸጠ ገበያውን የሚወስድበት እርሱ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ደጋፊ ሊሆን ይገባዋል። ኮንትሮባንዱን የሚያጋልጥ መስሎት የሚሸሽ ገዢም ይኖራል፤ መዝገቡ ዕቃው በየት በኩል ገባ ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ጉምሩክም በመዝገቡ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ ከመጀመሪያው በግልጽ ሊነገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አንድ ሰው እንኳ አይጽፍም።

የቋንቋው ነገር ቀላል ሆኖ ቢታይም በቸልታ አይለፍ። የዚያ ገበያ ሰው አማርኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ እያቀላቀለ የሚነጋገር ስለሆነ መዝገቡ በሦስቱም ይከፈት፤ ከወዲያ ማዶ በገዳሪፍና በጋላባት የሚኖረው ሱዳናዊ ገዢም የሚገዛው ያንኑ ስልክ፣ የሚታለለውም በዚያው ካርቶን ነውና፣ ቃሉ ከእኛው ቃል ጎን ይጻፍለት። ለመጀመሪያው ዓመት ዕቃ ሁሉ ላይ መሮጥ ሥራውን ያደክመዋል፤ በኅዳር ደመወዝ ሲከፈል በእጅ ባትሪ ቢጀመር፣ ሳሉጉ በሚቀጥለው ክረምት ለአረም ተመልሶ ሲወርድ ያምናው ባትሪ ምን እንደሆነ ይዞት የሚመጣውን ቃል ተቀብሎ መጻፍ ይቻላል።